የጥልቅ ባሕር ሰርጓጅ ሞዴልን ጎንደር ላይ ገጣጥሞ መቀባት

የታንክ ሞዴል የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ መገጣጠሚያው ቢከፈት ጭቃ ይለሰንበታል፣ ቀለሙ ቢዝረከረክ ዝገት ነው ተብሎ ይታለፋል። የምርምር ሰርጓጅ መርከብ ላይ እንዲህ ያለ ማምለጫ የለም። አካሉ ለስላሳ፣ ድቡልቡል፣ ነጭ ነው፤ ነጭ ደግሞ አንዲት ጭረት አይሸፍንም። ስለዚህ እዚህ ስለ ማጣበቅ የምጽፈው ጥቂት ነው። ልፋቱ ያለው ስፌቱን (ግማሾቹ የሚገጥሙበትን መስመር) ማጥፋት፣ አቧራን መከላከልና ነጩን ቀለም በስሱ መደራረብ ላይ ነው።

የትኛው ኪት?

ለመጀመሪያ ሥራ የምመርጠው የጃፓኑን የምርምር ሰርጓጅ፣ የሺንካይ 6500ን ሞዴል ነው። የሞዴል ኩባንያው ሐሴጋዋ በ1 ለ72 ስኬል (ከእውነተኛው 72 ጊዜ አሳንሶ) ያወጣው ኪት፣ ማለትም ያልተገጣጠመ ሞዴል፣ ክፍሎቹ ብዙ አይደሉም፤ የመመሪያው ወረቀት ጃፓንኛ ቢሆንም በሥዕል ስለሚሄድ ማንም ይከተለዋል። እውነተኛው መርከብ ሥራው የተጠናቀቀው በ1989 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሦስት ሰው ይዞ 6,500 ሜትር ይጠልቃል፤ ስሙ ላይ ያለው ቁጥር ይኸው ነው። የራስ ደጀንን ከፍታ ሙሉ ወደ ታች ብንቆጥረው እንኳ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ገና ይቀራል። ርዝመቱ ከ9 ሜትር ተኩል ትንሽ ይበልጣል፤ በ1 ለ72 ሲቀንስ 13 ሴንቲ ተኩል ያህል ይሆናል። ጠረጴዛ አያጨናንቅም፣ ቀለምም አይፈጅም።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። መርከቡ በ2012 እ.ኤ.አ. ኋላው ተቀይሯል፤ ቀድሞ አንድ ትልቅ፣ ወደ ጎን የሚዞር መግፊያ (ፕሮፔለር) ነበረው፣ ከዚያ ወዲህ በምትኩ ሁለት መካከለኛ መግፊያዎች ተተክተውለታል። ኪቶቹም እንደዚያው አሮጌና አዲስ አላቸው። ከኢንተርኔት ፎቶ እያያችሁ ልትቀቡ ካሰባችሁ የፎቶውና የኪቱ ዘመን አንድ መሆኑን እዩ፤ አለበለዚያ የሌለ ክፍል ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ስታስመጡ የኪቱን ሳጥን ብቻ እዘዙ። ስፕሬይ ቀለም፣ ቲነርና ፈሳሽ ማጣበቂያ ተቀጣጣይ ስለሆኑ አውሮፕላን ላይ ጣጣ ያመጣሉ፤ ሰውየውን ኤርፖርት ላይ አታስጨንቁት። የቀረው ሁሉ ጎንደር ውስጥ ይገኛል።

ከየት ምን ይገዛል?

ከቀለምና ከሕንፃ መሣሪያ ሱቆች የብርጭቆ ወረቀት ግዙ፤ ቁጥር 400፣ 600 እና 1000፣ ከተገኘ 1500ም። «ለብረት የሚሆን፣ በውሃ የሚሠራው» ካላላችሁ ለእንጨት የሚሆነውን ቢጫውን ይሰጧችኋል፤ እሱ ፕላስቲኩን ይቧጥጠዋል። ከመኪና ቀለም ቤት ደግሞ ግራጫ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚነፋው)፣ ነጭ ስፕሬይ፣ የሚያብረቀርቅ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚነፋው ቀለም የለሽ)፣ ትንሽ ጠርሙስ ቲነርና የወረቀት ፕላስተር። የመኪና ስቱኮ ጣሳ ሙሉ መግዛት አያስፈልግም፤ የምታውቁት ጋራዥ ካለ በፌስታል ጥቅላይ ትንሽ ቢሰጣችሁ ለሦስት ሞዴል ይበቃል፣ ማጠንከሪያውን ግን ለብቻው አስጠቅልሉት።

ከቤት የጥፍር መቁረጫ፣ አዲስ ምላጭ ወይም ከተር፣ ወረንጦ፣ ስቴኪኒ፣ የልብስ መቆንጠጫና የጆሮ ማጽጃ ጥጥ አዘጋጁ። ከፋርማሲ ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፤ ቲነር ለመለካት የሚሻል የለም። ቀጭን ብሩሽ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት የሚገዛው ፀጉሩ ቶሎ ይበተናል። የጥፍር ቤቶች አበባ የሚስሉበት ብሩሽ ጫፉ ሹል ነው፣ ዕድሜም አለው። ጎንደር የሠዓሊ አገር ናትና ከሥዕል ሠሪዎች ጋር ከተግባባችሁም ስለ ብሩሽ አያያዝ ከማንም የበለጠ ያስተምሯችኋል።

የግድግዳ ቀለም አትግዙ። ወፍራም ነው፣ ሲደርቅ የብሩሹን መንገድ ሁሉ ያሳያል።

ማጠብና መቁረጥ

ክፍሎቹ ተንጠልጥለው የሚመጡበትን የፕላስቲክ ፍሬም እንዳለ ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ። ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው እንዳይጣበቅ የሚቀባው ቅባት አለ፤ እሱ ካልለቀቀ ቀለም አይዝም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት፣ አለቅልቁት፣ ጥላ ላይ አድርቁት። የሳፋውን ውሃ ከመድፋታችሁ በፊት ታቹን በእጃችሁ ዳብሱ፤ ጥቃቅን ክፍል ከወደቀ እዚያ ነው።

አንድን ክፍል ከፍሬሙ ስትለዩ ሁለት ጊዜ ቁረጡ። መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ ብላችሁ በጥፍር መቁረጫ፣ ቀጥሎ የቀረችውን እንጥልጥል በምላጭ ሸረፍ ሸረፍ አድርጉ። በአንዴ አስጠግቶ የቆረጠ ሰው ፕላስቲኩን ይገነጥለዋል፤ ነጭ ጠባሳም ይቀራል። ሁሉንም ክፍል በአንድ ቀን ቆርጦ ሳህን ላይ መከመርም አይገባም፤ ቁጥሩ የተጻፈው ፍሬሙ ላይ ነው። ለዕለቱ የሚያስፈልገውን ብቻ ቁረጡ።

ማጣበቂያውን ለየቦታው

የኪቱ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው። ፖሊስታይሪንን በደንብ የሚያያይዘው አፉን አቅልጦ እርስ በርሱ የሚያዋህደው ፈሳሽ ነው፤ የመኪና ቲነር ይሄን ይሠራል። ሁለቱን ክፍሎች ያለ ማጣበቂያ ግጠሙ፣ መገጣጠማቸውን አረጋግጡ፣ እንደተያዙ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ጠብታ ቲነር መስመሩ ላይ ንኩ። ፈሳሹ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ሮጦ ይገባል። ከዚያ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ከመስመሩ በሁለቱም በኩል ስስ የቀለጠ ፕላስቲክ ብቅ ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ አትንኩት፣ ሲደርቅ ይሞረዳል። ጣታችሁ መስመሩ ላይ ካረፈ ግን ቲነሩ በጣታችሁ ሥር ገብቶ የጣት አሻራችሁን ፕላስቲኩ ላይ ያትመዋል። ሁልጊዜ ከመስመሩ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ።

ቲነር ለሳንባ ክፉ ነው፤ የጨርቅ ማስክ ሽታውን አያስቆምም። በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ። ቡና እየተፈላ፣ ከሰል እየነደደ በአጠገቡ ጠርሙስ አይከፈትም።

ሱፐር ግሉ ለብረት ሽቦና ለጥቃቅን ክፍል ይሁን። መስኮቶቹ አጠገብ ግን አይድረስ፤ ትነቱ ጥርት ያለውን ፕላስቲክ ያጨልመዋል፣ ወተት የነካው ይመስላል። ለመስኮት ነጭ የእንጨት ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ በቂ ነው። ሲደርቅ ይጠራል፣ ከተሳሳታችሁም በእርጥብ ጥጥ ይነሣል። የተጫረ መስኮት በጥርስ ሳሙና በጨርቅ ሲታሽ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ስለ ሠራተኞቹ ክፍል ትንሽ ልበል፤ ሞዴሉን በተለየ ዓይን ያሳያል። ሦስቱ ሰዎች የሚቀመጡት ውስጡ 2 ሜትር በሆነ የታይታኒየም ሉል ውስጥ ነው፤ የሉሉ ግድግዳ ውፍረት 73.5 ሚሊ ሜትር ነው። ያን ለ72 አካፍሉት፤ ከሞላ ጎደል 1 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የኪቱ ፕላስቲክ ራሱ የዚያን ያህል ይወፍራል። በ6,500 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት ምድር ላይ ካለው አየር ግፊት ወደ 650 እጥፍ ነው፤ ይሄን የሚሸከመው ያ ሉል እንጂ ከውጭ የሚታየው ነጭ ቅርፊት አይደለም። ቅርፊቱ ልብስ ነው። ከሥሩ ያለው ቦታ አብዛኛው ከጥቃቅን ባዶ የብርጭቆ ኳሶችና ከሬዚን (ሲደርቅ ከሚጠነክር ሙጫ) በተሠራ ተንሳፋፊ ቁስ የተሞላ ነው። ይህን ማወቅ የሚቀጥለውን ሥራ ይወስናል።

የሚጠፋ መስመርና የማይጠፋ መስመር

ግራና ቀኙ የአካል ግማሽ ሲጣበቅ መካከሉ ላይ ስፌት ይቀራል። ያ የኪቱ ጉድለት ነው፣ ይጥፋ። ቅርፊቱ ግን እውነተኛው መርከብ ላይም የሚነቀሉ ክዳኖች አሉት፤ በእነሱ መካከል የሚሄዱት ስስ መስመሮች ትክክለኛ ናቸውና ይቆዩ። ጀማሪ ሁለቱን ሳይለይ በብርጭቆ ወረቀት ሁሉንም ጠርጎ ዕንቁላል ያስመስለዋል። ስለዚህ ከመሞረዳችሁ በፊት በእርሳስ የሚጠፋውን ስፌት ላይ ምልክት አድርጉ፣ ክዳኖቹ ላይ ደግሞ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉባቸው።

ማጣበቂያው ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ከዚያ የተረፈውን ክፍተት ሙሉ። ለሰፊው ስቱኮ፣ ለፀጉር ያህሉ የፍሬም ቁራጭ በቲነር አቅልጣችሁ የምታበጁት ሊጥ መሳይ መሙያ ይሻላል፤ ከአካሉ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነ ሲሞረድ እኩል ይሄዳል። ስቱኮ ከፕላስቲኩ ይጠነክራል፤ ዙሪያው ቀድሞ ተበልቶ እሱ ጉብ ብሎ እንዳይቀር ብርጭቆ ወረቀቱን በጣት ሳይሆን ላጲስ ላይ ጠቅልላችሁ ሥሩ።

ቁጥር 400 ጉብታውን ብቻ ያንሣ፣ ወዲያው ወደ 600 እለፉ፣ ከዚያ 1000። ሁሉም በውሃ፤ ደረቅ ሲሆን ወረቀቱ ይደፈናል፣ የሚነሣው ብናኝም አፍንጫ ውስጥ ይገባል። በየመካከሉ አካሉን አድርቃችሁ ወደ መስኮት ዞር በማለት ብርሃኑ መስመሩ ላይ አግድም እንዲወድቅ አዘንብሉት። ዓይን ካልለየው ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ጥፍር ካልተደናቀፈ አልቋል።

የጠፋ የክዳን መስመር ካለ በመርፌ ጫፍ፣ የወረቀት ፕላስተር ጠርዝን አስታካችሁ መልሱት፤ መጀመሪያ በጣም ቀስ ብላችሁ፣ ጫና ሳታደርጉ፣ መርፌዋ ቦይዋን እስክታገኝ።

የሜካኒካል ክንዶቹን ለብቻቸው አቆዩ። ኪቱ ላይ ወፍራም ሆነው ይመጣሉ። የተበላሸ ቻርጀር ገመድ ውስጥ ያለው የመዳብ ክር እንደ ሃይድሮሊክ ቱቦ ከክንዱ ጎን ቢሄድ ፊቱ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ሱፐር ግሉ በስቴኪኒ ሁለት ቦታ ብቻ ንኩት።

ነጩ ቀለም

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጡ። በበጋ ጎንደር ላይ ከረፋዱ በኋላ ነፋስና አቧራ ይነሣል፤ ማለዳ ግን ጸጥ ያለ ነው። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሌላ ፈተና ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል የተነፋ ክሊር ጉም ለብሶ ይደርቃል። ስለዚህ በበጋ ማለዳ፣ በክረምት ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት። ወለሉን ውሃ ረጭ አድርጉበት፣ ጋቢና ሹራብ አውልቁ፤ ክሩ ነው ነጩ ላይ የሚገኘው። የሚደርቅበትን ካርቶን ቀድማችሁ ጎኑን ከፍታችሁ አዘጋጁ። ከነፋችሁ በኋላ ካርቶን ፍለጋ መሄድ አይቻልም።

የመኪና ስፕሬይ ፖሊስታይሪንን ሊበላ ይችላል። ፍሬሙ ላይ ሞክሩ። ገጹ ከተሰነጣጠቀ ወይም ከተጨማደደ ሌላ ስፕሬይ ፈልጉ፤ ደህና ቢመስልም እንኳ የመጀመሪያውን ዙር ሁልጊዜ ከሩቅ፣ ደረቅ ደረቅ አድርጋችሁ ንፉ። ያ ስስ ንጣፍ የሚቀጥለውን እርጥብ ዙር ይሸከማል።

ከፕራይመር ግራጫውን ያልኩት ለምክንያት ነው። ነጭ ፕራይመር ላይ ጭረት አይታይም፤ ግራጫ ላይ ግን ሁሉም ይጋለጣል። ግራጫው ሲደርቅ ደግማችሁ ስፌቱን እዩ፤ በእርግጠኝነት አንድ ነገር ታገኛላችሁ። ክፍተቱን ሙሉ፣ በ1000 ሞርዱ፣ ያን ቦታ ብቻ ግራጫ ንፉ። እዚህ ቸኩሎ ወደ ነጩ ያለፈ ሰው በኋላ ነጩን መላጥ ይጠብቀዋል።

አሁን ነጩ። ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩ፤ እጅ የሚችለው ሙቀት እንጂ የፈላ ውሃ በፍጹም፣ ምድጃ ላይም አይቀመጥም፣ ይፈነዳል። ለብ ያለ ጣሳ ግፊቱ እኩል ስለሚወጣ ቀለሙ በደቃቁ ይረጫል። በደንብ ናጡት። ሞዴሉን በታቹ ቀዳዳ በኩል ቀጭን እንጨት ላይ ሰክታችሁ በግራ እጅ ያዙ። መንፋት ስትጀምሩ ጣሳው ከሞዴሉ ውጭ ይጀምር፣ በላዩ ይለፍ፣ ወጥቶ ይቁም። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ጥሩ ነው። ከራቃችሁ በደጋው ደረቅ አየር ቀለሙ ገና በአየር ላይ ደርቆ አሸዋማ ሆኖ ያርፋል፤ ከቀረባችሁ ይንጠባጠባል።

የመጀመሪያው ነጭ ዙር ግራጫውን አይሸፍንም። አይሸፍን። ዓይናችሁ «ትንሽ ጨምር» ይላችኋል፤ አትስሙት። አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ቆይታችሁ ሁለተኛውን ንፉ፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ነጭ በአራተኛው ስስ ዙር አካባቢ ነው ነጭ የሚሆነው። ጠርዞችና ጎድጓዳዎች ላይ ቀለም ስለሚሸሽ በመጀመሪያ እነሱን፣ ሰፊውን ገጽ በኋላ።

አቧራ ካረፈበት እርጥብ ሳለ በወረንጦ ለማንሣት አትሞክሩ። ይድረቅ፣ በማግሥቱ በ1500 ወረቀትና በሳሙና ውሃ ዳበስ ዳበስ ይደረግ፣ አንድ ስስ ዙር ይጨመርበት።

ስፕሬይ ካላገኛችሁ ወይም ጎረቤት ስለ ሽታው ካጉረመረመ፣ በዘይት ቀለም በብሩሽ መሥራት ይቻላል። ነጭ የዘይት ቀለም በአኳራጃ እንደ ወተት እስኪሆን አቅጥኑ፣ በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ቀቡ፣ ያለፋችሁበትን አትመልሱ። ጉዳቱ ትዕግሥት ነው፤ በዙሮች መካከል ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ከጊዜ በኋላም ነጩ ወደ ቢጫ ያደላል። እኔ ስፕሬዩን እመርጣለሁ።

ባለቀለሙ ክፍል

ሰርጓጆች ላያቸው ላይ ደማቅ ቀለም ያለባቸው ወደ ላይ ሲወጡ በማዕበሉ መካከል ከመርከብ እንዲታዩ ነው። የአሜሪካው አልቪን ለምሳሌ ማማው ቀይ ብርቱካናማ ነው። የእናንተ ኪት የትኛው ክፍል ምን ቀለም እንደሆነ መመሪያው ያሳያል፤ የመኪና ቀለም ቀያጭ ወረቀቱን አይቶ ጠብታ ያህል ይበጅላችኋል።

ነጩ ሙሉ ቀን ይድረቅ። የወረቀት ፕላስተሩ ጠርዝ ከፋብሪካው የተበላ ስለሆነ መስታወት ላይ ለጥፋችሁ በአዲስ ምላጭ አዲስ ጠርዝ አውጡለት። ሙጫው እንዳይበረታ ሱሪያችሁ ላይ አንዴ ለጥፋችሁ አንሡት፣ ከዚያ ሞዴሉ ላይ አድርጉና ጠርዙን በጥፍር ተጫኑ። አሁን ደማቁን ቀለም ከመንፋት በፊት ያንኑ ነጭ በጠርዙ ላይ በስሱ ንፉ። በፕላስተሩ ሥር የሚሾልክ ካለ ነጭ ይሾልካል፣ ነጭ በነጭ ላይ አይታይም፣ ቀዳዳውም ይደፈናል። ከዚያ ደማቁን። ፕላስተሩን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ ኋላ አጥፋችሁ፣ በዝግታ ሳቡ።

ጽሑፎቹ

ስሙንና ምልክቶቹን የያዘው የውሃ ስቲከር የሚለጠፈው በሚያብረቀርቅ ገጽ ላይ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ክሊር። አንዱን ብቻ ቆርጣችሁ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል ንከሩ፣ አውጥታችሁ ወረቀቱ ላይ በራሱ እስኪንሸራተት ጠብቁ። ቦታው ላይ ጠብታ ውሃ አድርጉ፣ ስቲከሩን አንሸራትቱበት፣ በእርጥብ ብሩሽ አስተካክሉ፣ ከመካከል ወደ ዳር በጥጥ ውሃውን አውጡ። በሥሩ አየር ከቀረ ብርማ ሆኖ ይታያል፤ በመርፌ ወጋ አድርጋችሁ ውሃ አስነኩት። በማግሥቱ ሁሉንም በስስ ክሊር ዝጉ።

ስለ ዝገት

አትቀቡ። ይህ የጭነት መርከብ አይደለም። ሉሉ ታይታኒየም፣ ቅርፊቱ ፕላስቲክ ነክ ነው፣ ከእያንዳንዱ ጥልቀት ሲመለስም በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ዝገት ቢኖር ኖሮ ቦታው አንድ ነው፤ ወደ ላይ ለመውጣት ባሕር ውስጥ የሚጣሉት የብረት ክብደቶች። ኪታችሁ ላይ የሚታዩ ከሆነ ጥቂት ቡናማ ብታስነኳቸው አግባብ ነው። የክዳን መስመሮቹን ለማውጣት ግራጫ የዘይት ቀለም በብዙ አኳራጃ አቅጥናችሁ በብሩሽ ጫፍ መስመሩን ንኩ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የተረፈውን በጥጥ ጥረጉ። ጥቁር አይሁን፤ ነጭ ላይ ጥቁር መስመር የሕፃን ሥዕል ያስመስለዋል። ከፊት ያለው የናሙና ቅርጫትና የታች እግሮቹ ትንሽ ቢጫሩ፣ ጭቃ ቢነካቸው ያምርባቸዋል።

መቆሚያው

ልጆች ሳፋ ውስጥ ካላስገባን ይላሉ። ውሃ አያስገባም ያለ ማንም የለም፤ አትፍቀዱ።

የውቅያኖስ ወለል አለት ባብዛኛው ባዛልት ነው። ጎንደርም የቆመችው በባዛልት ላይ ነው፤ ስለዚህ መሬቱን ለማስመሰል አረፋ ቆርጦ መቀባት አያስፈልግም፣ እውነተኛው አለት ደጃችን አለ። ከወንዝ ዳር ወይም ከድንጋይ ፈላጮች ፍርስራሽ ውስጥ ጥቁር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ምረጡ። ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ግን ጠጠር እንኳ አይነሣም፤ ቅርስ ነው። ድንጋዩን አጥባችሁ እንጨት ላይ በስቱኮ ትከሉት፣ ዙሪያውን ነጭ ኮላ ቀብታችሁ የተነፋ አመድና ደቃቅ አሸዋ ነስንሱበት። የቡና አተላም ጥሩ ደለል ይወጣዋል፤ ምጣድ ላይ በደንብ ካልደረቀ ግን ይሻግታል። ለድንጋዩ ቀዳዳ የሚሆን ወፍራም የብረት ሽቦ በጋራዥ ይገኛል፤ ሌላውን ጫፍ ሞዴሉ ታች ባለው፣ ለመንፋት እንጨት በሰካችሁበት ቀዳዳ አስገቡ። ሞዴሉ ከወለሉ ሁለት ሦስት ሴንቲ ከፍ ብሎ፣ አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ብሎ ይቁም፤ የሚሠራበት አኳኋን ይኸው ነው።

ቀጥታ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አታስቀምጡት፤ ነጩ ይበልዛል፣ ስስ ክፍሎቹም ይጣመማሉ። አቧራውን በሜካፕ ብሩሽ እንጂ በጨርቅ አትጥረጉ፤ ክንዶቹ በጨርቅ ተይዘው ይሰበራሉ።